የሉካስ ሲ 40 ዲናሞና አርቢ 106 ሬጉሌተር በማሲ 135 ላይ፦ ከመለወጣችሁ በፊት

ማሲ ፈርጉሰን 135 ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንግሊዟ ኮቨንትሪ የወጣ ትራክተር ነው፤ ባለ 3 ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ከተቀየረለት ባለቤቱን አያሳፍርም። የሚያሰለቸው ባትሪው ነው። ማታ ደህና ያደረ ትራክተር ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) «ጥክ» ብሎ ዝም ይላል፤ በአርሲና በባሌ ደጋ ብርድ ደግሞ ይብሳል። ያኔ የመጀመሪያው ውሳኔ ዲናሞውን ፈትቶ ጥቅል ቤት (የሽቦ ጥቅል የሚጠገንበት) መውሰድ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የሚባክነው ገንዘብም ይሄ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ባትሪ የሚሞላውን ሁሉ «ዲናሞ» ማለት ተለምዷል። እዚህ ግን ዲናሞ ሲባል የመጀመሪያዎቹ 135ቶች ላይ የነበረው፣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ረጅሙ ክብ ዕቃ ነው። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ለብቻው፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሬጉሌተሩን በሆዱ የያዘው አጭሩና ወፍራሙ አልተርኔተር ነው። የሁለቱ አሠራርም አፈታተሽም የተለያየ ስለሆነ የአንዱን መፍትሔ ለሌላው መውሰድ ዕቃ ያቃጥላል።

ፍርዱን ከፊት ማስቀመጥ ይሻላል። ሲ 40 ዲናሞ ጠንካራ፣ ገጠር ውስጥም የሚጠገን ዕቃ ነው፤ ለጥንካሬው ከ5 4 ይገባዋል። አርቢ 106 ሬጉሌተር በትክክል ከተስተካከለ ለዓመታት ይሠራል፤ ነገር ግን ማንም ክዳኑን ከፍቶ ስለሚነካካው 3 ብቻ እንሰጠዋለን። የኃይል መጠኑ ግን ዛሬ ላለው ሥራ ያንሳል። ለትራክተር የተሠራው ሲ 40 ኤ የሚሰጠው ቢበዛ 11 አምፔር ነው። በ13.5 ቮልት ሲባዛ ወደ 148 ዋት ይመጣል። ሁለት የፊት መብራት እያንዳንዱ 45 ዋት፣ ሁለት የኋላ መብራት እያንዳንዱ 5 ዋት፣ አንድ የማረሻ መብራት 35 ዋት ሲደመር 135 ዋት ነው፤ ለባትሪው የሚተርፈው አንድ አምፔር ገደማ ብቻ። ስለዚህ ሌሊት ሙሉ መብራት አብርቶ የሚያርስ ሰው ባትሪው ጠዋት ቢደክምበት ዲናሞው ተበላሸ ማለት አይደለም። ቀን ብቻ ለሚያርስ ግን 11 አምፔር ይበቃል። ሞተሪኖው 300 አምፔር ለ5 ሴኮንድ ቢወስድ፣ ዲናሞው በ8 አምፔር ያንን ለመመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

መጀመሪያ ቺንጋ፣ ባትሪና ማሳ

ቴስተር ከማውጣታችሁ በፊት ቺንጋውን በአውራ ጣት ግፉት። በረጅሙ በኩል ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ይንሸራተታል፤ ፑሌጃው ውስጥም መስታወት የመሰለ ልስላሴ ይታያል። ከሚገባው በላይ ማጥበቅም ደግ አይደለም። የዲናሞው የፊት ኩሽኔታ ቢችለውም የኋላው የነሐስ ቡሽ አይችለውም፤ ቡሹ ሲበላ አርማቸሩ (ዲናሞው ውስጥ የሚዞረው ክፍል) ዘንበል ብሎ ከውስጥ ያለውን ብረት መፋቅ ይጀምራል።

ባትሪው ከሥራ አርፎ ለጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12 ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉትና ከዚያ ፈትሹ። የሞተ ባትሪ ላይ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ጤነኛውን ዲናሞ በሽተኛ ያስመስለዋል። ቻርጀር ላይ አድሮም አንዷ ክፍል ብቻ ካልፈላች፣ ባትሪው ራሱ ነው የሚለወጠው።

ከዚያ ማሳ፣ ማለትም ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረው የኤሌክትሪክ መመለሻ። በዚህ ሥርዓት ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ብዙ ጥፋትም የሚያመጣው ማሳ ነው። ሬጉሌተሩ ላይ «ኢ» የሚል ጥርስ (የሽቦ ማሰሪያ) አለ፤ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ እሱ ላይ ነው። የሬጉሌተሩ ዋና ጥቅል የዲናሞውን ቮልት የሚለካው በ«ዲ» እና በ«ኢ» መካከል ነው። ይህ ሽቦ ሲዝግ ወይም ቡሎኑ ከቀለም በላይ ሲታሰር ጥቅሉ የሚያየው ቮልት ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ስለዚህ «ገና አልሞላም» ብሎ ዲናሞውን ይለቀዋል። ባትሪው ይፈላል፣ አሲዱ ከክዳኑ ይወጣል፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ሰውም ሬጉሌተር ይገዛል፤ አዲሱም እዚያው ዝገት ላይ ይታሰርና ያው ይደገማል። ሞተሩን በመካከለኛ ፍጥነት አስነስታችሁ ከ«ኢ» እስከ ባትሪው የማሳ ራስ ድረስ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ቡሎኑን ፍቱ፣ ብረቱን እስኪያበራ ፋቁ፣ ሮንዴላ አድርጋችሁ መልሱ።

ዲናሞውን ብቻውን መፈተን

ይህ ፈተና ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ ዲናሞውን መፍታትም አያስፈልገውም። መርፌ ያለው፣ እስከ 20 ወይም 30 ቮልት የሚያነብ ቴስተር ብታገኙ ይመረጣል። ዲጂታሉ የካርቦንና የሬጉሌተር ንዝረት ስለሚረብሸው ቁጥሩ ይዘላል።

ከዲናሞው ጀርባ ሁለቱን ሽቦዎች ንቀሉ፤ ትልቁ ጥርስ «ዲ»፣ ትንሹ «ኤፍ» ነው። ሁለቱን ጥርሶች ባዶ ሽቦ አድርጋችሁ እርስ በእርስ አገናኙ። የቴስተሩን አንድ ገመድ እዚያ ላይ፣ ሌላውን በዲናሞው አካል ላይ አድርጉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ከሚኒሞ (ጋዝ ካልተሰጠበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ በፍጥነት መውጣት አለበት። 20 ቮልት ከመድረሱ በፊት ጋዙን ልቀቁ፤ በዚህ ሰዓት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ስለሌለ ጋዝ ከተረገጠ ጥቅሉ ይቃጠላል።

ወጣ? ዲናሞው ደህና ነው፤ ተዉት። መርፌው ጨርሶ ካልተነሳ ካርቦኖቹ ናቸው፦ አልቀዋል፣ ቤታቸው ውስጥ ተጣብቀዋል፣ ወይም ካርቦኖቹ የሚነኩት ክብ መዳብ፣ ኮሙቴተሩ፣ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኗል። ግማሽ ወይም አንድ ቮልት ላይ ከቆመ የፊልድ ጥቅሉ (ማግኔት የሚፈጥረው የማይዞረው ጥቅል) ተበጥሷል ወይም ማሳ ነክቷል። 4 ወይም 5 ቮልት ላይ ከቆመ ደግሞ አርማቸሩ ነው። የፊልድ ጥቅሉን ለማረጋገጥ ከ«ኤፍ» እስከ አካሉ በኦም ለኩ፤ 6 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ከዚያ በጣም ካነሰ ጥቅሉ እርስ በእርሱ ተነካክቷል። እንዲህ ያለው ዲናሞ የሬጉሌተሩን መገናኛ ጥርሶችም (የሚከፈቱና የሚዘጉትን) ስለሚበላ ሳይጠገን ሬጉሌተር መለወጥ ከንቱ ነው።

ዲናሞው ደህና ከሆነ ሽቦዎቹን መልሱና ያንኑ ፈተና ከሬጉሌተሩ በኩል ድገሙት። «ዲ» እና «ኤፍ» ሽቦዎችን ከሬጉሌተሩ ነቅላችሁ ጫፋቸውን አገናኙና ለኩ። እዚህ ከጠፋ ሽቦው መሀል ላይ ተቆርጧል ወይም ሙቀት ያለበት ብረት ነክቶ ቀልጧል። አሮጌ ትራክተር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

ካርቦን ስትቀይሩ ርዝመቱ ከ7 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ሁሉ ጣሉ። አዲሱን የኮሙቴተሩን ክብነት እንዲይዝ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቅረጹት። ኮሙቴተሩን መጀመሪያ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ ካልጠራ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት። ጥቁሩን የብረት ወረቀት አትንኩ፤ ፍርፋሪው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በመዳብ ሰሌዳዎቹ መካከልም ይቀበራል። ቦይ የገባበት ኮሙቴተር ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ከተቆረጠ በኋላ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው መለያ) 0.8 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ መደረግ አለበት፤ ቶርነሩ ይህን ካልሠራ ካርቦኑ በሚካው ላይ እየዘለለ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ቡሽ ከተቀየረ ከመግባቱ በፊት ቀጭን የሞተር ዘይት ውስጥ 24 ሰዓት ማደር ይኖርበታል፤ ዘይቱን የሚጠጣ ነሐስ ነው። ከኋላ ያለችው የዘይት ቀዳዳ የተሠራችው ለእሱ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃታል፤ ሲበዛ ካርቦኑ ላይ ይፈስሳል።

ሬጉሌተሩ፦ 16 ቮልት አያስደንግጣችሁ

አርቢ 106 ሁለት ሥራ ያለው ሳጥን ነው። አንዱ ጥቅል የዲናሞውን ቮልት ይቆጣጠራል፣ ሌላው፣ መቁረጫው፣ ዲናሞውን ከባትሪው ጋር ያገናኛል፣ ይለያያልም። ወንድሙ አርቢ 108 አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ለማስተካከል በ«ኤ» እና በ«ኤ1» ላይ ያሉትን ሽቦዎች ነቅላችሁ እርስ በእርሳቸው አገናኙ፤ ከሳጥኑ ጋር እንዳይነካኩ ጠቅልሉ። ቴስተሩን በ«ዲ» እና በ«ኢ» ላይ አድርጉ። ሞተሩን ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉት መርፌው ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ወዝወዝ ይልና ይቆማል። የሚቆመው 16 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «16 ቮልት 12 ቮልት ባትሪ ይፈጃል» ብሎ ወደ 14 ያወርደዋል። 14 የአልተርኔተር ቁጥር ነው። የዚህ ሬጉሌተር ብረት ላይ የባትሪው ጅረት የሚያልፍበት ወፍራም ሽቦም ተጠምጥሟል። ጅረት በበዛ ቁጥር ያ ሽቦ ጥቅሉን ያግዝና ቮልቱን ይጎትተዋል። 16 የሚታየው ምንም ጅረት በማይወጣበት ፈተና ላይ ብቻ ነው፤ ባትሪው ሲታሰር በራሱ ይወርዳል። በፈተናው 14 ላይ ያስተካከለ ሰው ትራክተሩን ጭኖ ሲወጣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 12 ቮልት አካባቢ ብቻ ይሆናል፤ ባትሪው መቼም አይሞላም።

ቁጥሩ ካልተስተካከለ የማስተካከያውን ቡሎን ዳዶ አላልታችሁ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ቮልቱ ይወጣል፣ ወደ ግራ ይወርዳል። በትንሽ በትንሹ አዙሩ። እያንዳንዱን ልኬት በ30 ሴኮንድ ጨርሱ፤ ጥቅሉ ሲሞቅ ቁጥሩ ያታልላችኋል። የጠዋት ብርድና የቀትር ሙቀትም ትንሽ ልዩነት ስለሚያመጡ ትራክተሩ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት መሥራት ይመረጣል።

መቁረጫው የሚዘጋው ከ12.7 እስከ 13.3 ቮልት ባለው መካከል ነው፤ ሞተሩ ሲቀንስ ደግሞ ከ8.5 እስከ 11 ቮልት ላይ መከፈት አለበት። ጥርሱ ተጣብቆ ካልተከፈተ ሞተሩ ጠፍቶም ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ዲናሞው ይሞቃል፣ የሽቦ ሽታ ይመጣል። ያኔ ክዳን መክፈት የለም፤ መጀመሪያ የባትሪውን ራስ ንቀሉ። እሳት የሚነሳው በዚህ ነው።

መገናኛ ጥርሶቹን ስታጸዱ ሁለቱን ለዩ። የሬጉሌተሩ ጥርስ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ድንጋይ ወይም በጣም ደቃቅ ወረቀት ይችላል። የመቁረጫው ጥርስ ግን ለስላሳ ነው፤ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ብቻ፣ እሱም በለሆሳስ። ሁለቱንም በመጨረሻ በአልኮል ጥረጉ፤ የወረቀቱ ብናኝ ከቀረ ጅረት አያልፍም።

ዝም ያለውን ዲናሞ መቀስቀስ

ለወራት ቆሞ የከረመ፣ ጥቅል ቤት የነበረ ወይም ባትሪው ተገልብጦ የታሰረበት ዲናሞ የቀረውን ማግኔት ያጣል ወይም አቅጣጫው ይገለበጣል። የተገለበጠው ሥራ ሲጀምር የመቁረጫውን ጥርስ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይበይደዋልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የ«ኤፍ»ን ሽቦ ከዲናሞው ንቀሉ። ከባትሪው ማሳ ካልሆነው ራስ ሽቦ አምጥታችሁ የዲናሞውን «ኤፍ» ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅጽበት ንኩ። ትንሽ ብልጭታ ያለ ነው። በቅድሚያ ግን ማሳው ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ አረጋግጡ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት የእንግሊዝ ትራክተሮች ውስጥ ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረ አለ።

በኢንተርኔት የሚታየው ምክር ብዙው ለአሜሪካ ትራክተሮች የተሰጠ ነው። የብዙዎቹ ዴልኮ ዲናሞ ፊልድ በሬጉሌተሩ በኩል ወደ ማሳ ስለሚሄድ «ኤፍን ማሳ ንኩና ሙሉ ኃይል ይሰጣል» ይባላል። የሉካሱ ፊልድ ግን አንድ ጫፉ ከውስጥ ማሳ ላይ የታሰረ ነው፣ ሌላው ጫፉ ነው ከ«ዲ» የሚመገበው። የሉካስን «ኤፍ» ከነሽቦው ማሳ ብታስነኩ ሞተሩ እየሠራ ከ«ዲ» የሚመጣው ጅረት በሙሉ በሬጉሌተሩ ትንሽ ጥርስ በኩል ወደ ማሳ ይሮጣል፤ ጥርሱም ይቃጠላል።

ሲገዛ የሚታይ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ዲናሞ ስትመርጡ አካሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የሞዴል ስሙ እና ወርና ዓመቱ ይገኛሉ። ሲ 40 ኤ 11 አምፔር፣ ሲ 40 ባለ 1 22 አምፔር፣ ሲ 40 ኤል 25 አምፔር ነው። መልካቸው ስለሚቀራረብ ሻጩም ላይለያቸው ይችላል። ትልቁን አምፔር ማግኘት ደስ ይላል፤ ሬጉሌተሩ ግን አብሮት የሚሄድ መሆን አለበት። የ22 አምፔር ሬጉሌተር 11 አምፔር ዲናሞ ላይ ከታሰረ ዲናሞውን ከአቅሙ በላይ ያሠራውና አርማቸሩን ያቃጥላል። በተቃራኒው ከሆነ ዲናሞው አይጎዳም፣ የከፈላችሁበትን ኃይል ግን አታገኙም።

ሱቁ ውስጥ ባትሪ ካለ አንድ ፈተና ጠይቁ። «ዲ»ን እና «ኤፍ»ን አገናኝታችሁ ከባትሪው አንድ ራስ፣ አካሉን ከሌላው ራስ ጋር ስታገናኙ ጤነኛ ዲናሞ እንደ ሞተር ቀስ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ይዞራል። የማይዞረውን አትግዙ። በኋላ መስኮቱ በኩል በባትሪ መብራት እዩ፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰሌዳዎች ብቻ ጠቁረው ከታዩ አርማቸሩ ውስጥ ሽቦ ተበጥሷል፤ በአካሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተረጨ የብየዳ እርሳስ ካለ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር።

አዲስ የቅጂ ሬጉሌተር ላይ ያለን አስተያየት ግልጽ ነው፤ «አዲስ ነው» ተብሎ ሳይለካ መታሰር የለበትም። ክዳኑን አንሡ፣ ጥርሶቹ ፊት ለፊት በሙሉ ገጻቸው መገጠማቸውን፣ ሪቬቶቹ አለመላላታቸውን እዩ፤ ከዚያ የ16 ቮልቱን ፈተና አድርጉ። አሮጌው የሉካስ ሳጥን ጥቅሉ ካልተቃጠለ፣ ጥርሱ ጸድቶ ከተስተካከለ፣ ከብዙ ቅጂ ይመረጣል።

አልተርኔተር መቼ ነው የሚያዋጣው

ሌሊት ለሚያርስ፣ በየደቂቃው አስነስቶ ለሚያጠፋ፣ ወይም ብዙ ጊዜ በሚኒሞ ለሚሠራ ትራክተር ለውጡ ያዋጣል፤ ያለ ማመንታት 5 እንሰጠዋለን። ሉካስ 15 ኤሲአር 28 አምፔር፣ 16 ኤሲአር 34፣ 17 ኤሲአር 36 አምፔር ይሰጣሉ፤ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይሞላሉ። ዲናሞ በሚኒሞ ላይ የመሙላት ምልክት የሆነችውን ቀይ መብራት ቢያብለጨልጭ ጤናው ነው። አልተርኔተር ላይ ግን መጥፋት አለባት።

የሽቦ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሳው ኔጌቲቭ መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ከታሰረ የውስጥ ዳዮዶቹ ወዲያው ይሞታሉ። አሮጌው ሬጉሌተር ሙሉ በሙሉ ከመሥመሩ ይወጣል። ከአልተርኔተሩ ዋና ጥርስ እስከ ባትሪ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊሜትር አዲስ ገመድ ዘርጉ። የድሮው አምፔር መለኪያ ለትንሽ ጅረት የተሠራ ስለሆነ 36 አምፔር በሆዱ ማሳለፍ የለበትም፤ በምትኩ ቮልት መለኪያ ግጠሙ። ቀይ መብራቷን አትርሱ፤ 2.2 ዋት አምፖል በቁልፉ በኩል ወደ አልተርኔተሩ ትንሽ ጥርስ ትሄዳለች። አልተርኔተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ ከተቃጠለች ላይሞላ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ራስ መንቀል አይፈቀድም። ትራክተሩ ላይ ብየዳ ሲሠራ የአልተርኔተሩ ሽቦዎች ቀድመው ይነቀላሉ። «ኤፍ» ላይ ብልጭ የማድረጉን ነገርም እዚህ አትሞክሩት።

የወለቀውን ዲናሞ አትጣሉት። ቡሹን ዘይት አጠጡ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ዝጉ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ አካሉ ላይም ማሳው ፖዘቲቭ ወይስ ኔጌቲቭ እንደነበር በቀለም ጻፉበት።